ምን ትሠራልሻለች?

ለገጣፎ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ከሚጀምርበት ወዲያ ነው የምንኖረው። እዚህ ሠፈር ድመት ሞልቷል። ድመት አለኝ የሚል ሰው ግን እምብዛም የለም። ድመቶቹ አጥር ላይ ይሄዳሉ፣ ቆርቆሮ ላይ ይጣላሉ፣ ሌሊት እየጮኹ እንቅልፍ ይነሱናል። «የማን ናት?» ብትሉ መልሱ «እንጃ፣ የሠፈሩ ናት» ነው። አይጥ ያስቸገረው ሰው አንዷን ይዞ እህል ያለበት ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል። አይጡ ሲጠፋ በሩ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምታድር የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ከእንስሳት መጠለያ ድመት ላመጣ ነው ስል ሁሉም ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ትሠራልሻለች?» እማዬ አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ አሉኝ። የግቢው ዘበኛ አባባ ደግሞ ጥያቄውንም መልሱንም ራሳቸው ያዙት። «እኛ ቤት እኮ አይጥ የለም፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ጤፉም በርሜል ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

እኔ ድመት የፈለግኩት ለሥራ አልነበረም። ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። በአገራችን እንስሳ ሁሉ ሥራ አለው። በሬ ያርሳል፣ አህያ ይጫናል፣ ውሻ ይጠብቃል፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ድመት ደግሞ አይጥ ታጠፋለች። ሥራ ከሌላት ምግብም የሚገባት አይመስለንም። እንዲያውም ብዙ ሰው «ከጠገበች አታድንም» እያለ ሆን ብሎ ያስርባታል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ድመት ጠግባም ታድናለች። የማደን ፍላጎቷ ሆዷ ስለሞላ ብቻ አይጠፋም። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች በልታ እንደጨረሰችም ትዘላለች። የተራበችዋ ልዩነቷ የጎረቤት ድስት መክፈቷ ብቻ ነው።

እትዬ አንድ ቀን «ድመት ማቀፍ የፈረንጅ ነገር ነው» አሉኝ። እንደዚያ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት የዛሬዎቹን የቤት ድመቶች ሁሉ ዘር የመለሰው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ሰው እህል ማጠራቀም ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የእትዬ ነው፤ የመጣችው ለአይጥ ነው። ግን ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር ተቆፍሮ ሲታይ፣ ከሰው አጠገብ ድመት ተቀብራ ተገኝታለች። ለአይጥ ገዳይ ብቻ ማንም መቃብር አይቆፍርም።

የእኛም ስም በዚህ ጉዳይ ይነሳል። በዓለም የታወቀ «አቢሲኒያን» የሚባል የድመት ዝርያ አለ። ስሙን ያገኘው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ከምትባል ዙላ የተባለች ድመት ነው። ዙላ ወታደሮቹ የወረዱበት የቀይ ባሕር ወደብ ነው። የኋላ የዘረመል ጥናቶች ግን የዝርያውን ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ይወስዱታል። ስሙ የእኛ፣ ዘሩ የሌላ። እኔ ያመጣኋት ግን ያለ ጥርጥር የአገር ልጅ ናት።

መጠለያው እንደኛው ከከተማው ዳር ያለ የኪራይ ግቢ ነው። የሚያስተዳድሩት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስሙን አልጠቅስም። ስማቸው በተነሳ ቁጥር ሌሊት በራቸው ላይ በካርቶን የሚጣሉት ግልገሎች ስለሚበዙ እንዳልጠቅስ ለምነውኛል። ግማሹ ግቢ የውሾች ነው። ድመቶቹ መስኮቱ በሽቦ የተሸፈነ አንድ ሰፊ ክፍል አላቸው። መደርደሪያ ላይ፣ ሣጥን ውስጥ፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ ተጋድመዋል።

እዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዓይኑ ግልገል ላይ ነው። ግልገል ያሳሳል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ግን ጠቃሚ ነገር ነገረኝ። «ግልገል ስትወስጂ ነገ ምን ዓይነት ድመት እንደምትወጣው አታውቂም። ትልቋን ብትወስጂ ጠባይዋን እኛው እንነግርሻለን» አለኝ። ትልቋ ድመት ከውሻ ጋር ትስማማ እንደሆነ፣ ሕፃን ትፈራ እንደሆነ፣ መታቀፍ ትወድ እንደሆነ የታወቀ ነው። ግልገል ሌሊቱን ሙሉ መጋረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያድራል። ትልቅ ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ሲነጋ ሥራ የሚገባ ሰው የትኛዋ እንደምትሻለው ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ትልልቆቹን የሚወስድ የለም።

የመረጥኳት ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ የተቀላቀለባት ናት። ቡሬ አልናት። እንዲህ ያለች ባለ ሦስት ቀለም ስታዩ ሳትጠይቁ «እሷ» ማለት ትችላላችሁ። ብርቱካናማውን ቀለም የሚሰጠው ዘረመል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ብርቱካናማና ጥቁር አንድ ገላ ላይ እንዲወጡ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል፤ ሁለት ኤክስ ያላት ደግሞ ሴቷ ናት። ወንድ ሆኖ ባለ ሦስት ቀለም የሚወጣው በጣም አልፎ አልፎ ነው።

የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ ያደረጋት?» ይላል። ጨካኝ አይደለም፣ ሐኪም ነው። የጎዳና ድመቶችን ይዘው አምክነው የሚመልሱ ሰዎች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ምልክት ነው። ድመቷ ለማምከኛው ሰመመን ውስጥ እያለች የጆሮዋን ጫፍ ጥቂት ይቆርጡታል። ከሩቅ ያያት ሰው መምከኗን ያውቃል። ሁለተኛ ተይዛ በከንቱ ሆዷ አይከፈትም።

የማምከኑ ጉዳይ እኛ ቤት ክርክር አስነስቷል። እማዬ «የፈጣሪን ሥራ መከልከል ነው፤ ቢያንስ አንዴ ወልዳ ብትሆን» ባይ ናት። ሴት ድመት በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ 9 ሳምንት ገደማ ነው። ያንን እያጠባች ሌላ ልትይዝ ትችላለች። አንዴ መውለዷ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም በጊዜ የመከነች ድመት የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በብዙ ይቀንሳል። ወንዱም ሲኮላሽ ግድግዳ ላይ መሽናቱና ሌሊት መደባደቡ ይበርድለታል። ይህን ሁሉ ነግሬያት እማዬ አልተቀበለችኝም። እኔ ግን ገበያው ዳር ባለው ቦይ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች በፌስታል ተጥለው ካየሁ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም። ኃጢአት ካለ እዚያ ነው ያለው።

መጠለያዎች ድመት እንዲሁ አንስተው አይሰጡም። ቤትሽ የራስሽ ነው የኪራይ? አከራይሽ ያውቃሉ? አስም ያለበት ሰው አለ? ክፍለ ሀገር ስትሄጂ ማን ያበላታል? መስኮትሽ ሽቦ አለው? ጥያቄው ብዙ ነበር። የክትባቷን ወረቀት ሰጡኝ፣ ካልተስማማን መልሼ ለእነሱ እንደማመጣት አስፈረሙኝ። ይህን የማይጠይቅ መጠለያ ቢያጋጥማችሁ ተጠራጠሩ።

ከመጠለያ የመጣች ድመት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው መጥፋት ነው። አልጋ ሥር ትገባለች፣ አትወጣም። እኛ ደግሞ እንግዳ ማስተናገድ የምናውቀው በአንድ መንገድ ነው። በሞቴ ግቢ፣ በሞቴ ብዪ፣ ምነው ዝም አልሽ። ድመት ላይ ይህ ሁሉ ተቃራኒውን ይሠራል። እያባበላችሁ እጃችሁን አልጋ ሥር በሰደዳችሁ ቁጥር ወደ ጥግ ትገፏታላችሁ። የሚሻለው አንድ ክፍል መስጠት ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ መጸዳጃ፣ አንድ ባዶ ካርቶን። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የራስን ሥራ መሥራት፣ እሷን አለማየት። የካርቶኑ ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ባለ አንድ መጠለያ የተደረገ ጥናት፣ መደበቂያ ሣጥን የተሰጣቸው አዲስ ገቢ ድመቶች ካልተሰጣቸው ቀድመው እንደተረጋጉ አሳይቷል። በእነዚያ ቀናት አንድ ነገር ብቻ በዓይን መከታተል ያስፈልጋል፤ መብላቷን። ድመት ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልቀመሰች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የገዛ ስቧ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ይገድላታል። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መተው ለድመት አይሆንም።

አሁን ወደ ምግቡ። ክርክሩ የበዛው እዚህ ላይ ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። እማዬ ይህን ተረት ያወጣችው በሁዳዴ ፍሪጅ ከፍታ ሥጋ ስታይ ነው። «ይሄ የማነው?» አለች። የቡሬ ነው አልኳት። ተረቱ የተተረተው ለሰው ነው፤ ግን ስለ ድመት አካል ከዚህ የተሻለ በአጭሩ የተናገረ አላገኘሁም። ውሻ እንጀራ በሽሮም ይኖራል። ድመት አትኖርም። ሰውነቷ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሱ መሥራት አይችልም። ታውሪን የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። በዳቦ፣ በእንጀራና በድንች ውስጥ የለም። ሲጎድልባት የዓይኗ መጋረጃ ይበላሻል፣ ልቧ ይደክማል። ይህ የልብ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ካሊፎርኒያ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ልባቸው የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው እንደሚያገግሙ አሳዩ። ድመቶቹ ይበሉ የነበረው የፋብሪካ ምግብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ መጠኑን ጨመሩ። ድመት ከካሮትም ቫይታሚን ኤ ማውጣት አትችልም። ሁሉንም ከሥጋ ነው የምታገኘው።

እንግዲህ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ጾም በሚጾም ቤት ውስጥ የምትኖር፣ ትርፍራፊ ብቻ የምታገኝ ድመት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሳትወድ ትጾማለች። አመሏ መጥፎ ሆኖ አይደለም ጎረቤት የምትሰርቀው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። በቅበላ ሰሞን፣ የሠፈሩ ሥጋ ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት፣ የበሬ ልብና የዶሮ ሥጋ ገዝተን በትንንሽ ፌስታል ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ እናስገባለን። ሲያልቅ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ። ልብ ርካሽ ነው፣ ታውሪንም ይበዛበታል። ትንሽ ውሃ ጣል አድርገን ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም እንቀቅለዋለን። መረቁንም እንሰጣታለን፤ ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ ከፊሉ ያለው እዚያ ነው። ጉበት ትወዳለች፣ ግን በየቀኑ አይሰጥም፤ የቫይታሚን ኤ ብዛት አጥንቷን ይጎዳል። የተቀቀለ እንቁላል አልፎ አልፎ። ሥጋ ብቻውንም ሙሉ አይሆንም፤ ካልሲየም ይጎድለዋል። ስለዚህ ቀሪውን ከሱፐርማርኬት በሚገዛ ደረቅ የድመት ምግብ እንሞላለን። ውድ ነው፣ ከውጭ ስለሚመጣ አንዳንዴም ይጠፋል። በሙሉ በእሱ ማኖር ለብዙ ሰው አቅም አይሆንም፤ ለእኔም አይሆንም።

እማዬ በጾም ሥጋውን በእጇ አትነካም። ቢላው ያስገድፋል አለች። ልክ ናት። ለቡሬ የራሷ ቢላ፣ መክተፊያና ብረት ድስት ተገዛላት። ሰላም ወረደ።

ወተት? ሥዕል ላይ ያለች ድመት ሁልጊዜ ወተት ነው የምትጠጣው። ብዙዎቹ ትልልቅ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃል።

አደገኛው ነገር ግን ያለው ወጣችን ውስጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ጥሬው ብቻ ሳይሆን የበሰለውም፣ ዱቄቱም። የአበሻ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት አይደል? በዓል ሲሆን ለድመቷም ይድረሳት ብሎ የዶሮ ወጥ በእንጀራ አጥቅሶ መስጠት ደግነት ይመስላል። አይደለም። የዶሮ አጥንቱም ከተቀቀለ በኋላ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሲከተፍ፣ ሽንኩርቱ ሳይገባ በፊት፣ ትንሽ ሥጋ መለየት ነው።

ፓራሲታሞልን ደግሞ አንድም ፍሬ ቢሆን ለድመት እንዳትሰጡ። ለእኛ ራስ ምታት የሚያስታግሰው ኪኒን ለእሷ መርዝ ነው። ለቁንጫ ተብሎ ከብት የሚረጭበትን መድኃኒት ወይም የውሻ ቁንጫ መድኃኒት መቀባትም እንደዚሁ። አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አለባቸው፤ ውሻ ይችለዋል፣ ድመት ግን ተንቀጥቅጣ ትሞትበታለች። መንገድ ላይ የሚሸጠው የአይጥ መርዝም አለ። መርዙን የበላ አይጥ ፈዞ ይዘዋወራል። ፈዛዛ አይጥ ለድመት የተዘጋጀ ምሳ ነው። መርዝ በረጨ ቤት ድመት ማስገባት ሁለቱን አንድ ላይ መቅበር ነው።

መጸዳጃውን በአጭሩ። ከውጭ የሚመጣው የድመት አሸዋ ዋጋው አይቀመስም። እኛ የምንጠቀመው ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ነው። በነፃ ይሰጡናል፤ ትርፋቸው ነው። የጣውላ መሆን አለበት። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሙጫ ስላለበት አይሆንም። ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ከምግቧ የራቀ። ቆሻሻው በየቀኑ ይነሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሰጋቱራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያነሱታል፣ ይጥሉታል፣ ለማጠብ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ድመት ከሳፋው ውጭ ከሸናች ብዙውን ጊዜ ወይ ሳፋው ቆሽሿል ወይ እሷ ታማለች። ብቀላ አይደለም። መምታት የሚጨምረው ፍርሃት ብቻ ነው።

እህቴ ያረገዘች ጊዜ ነበር ትልቁ ውዝግብ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ድመቷን አስወጡ፣ ጽንሱን ትጎዳለች» አለ። ሥጋቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ በድመት ዓይነምድር ይወጣል፣ በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። እስከዚህ እውነት ነው። ግን ድመት ተሕዋሱን የምታወጣው በአብዛኛው በመጀመሪያ የተያዘች ጊዜ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። የወጣውም ወዲያው አይዝም፤ ለመበከል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ሳፋው በየቀኑ በሌላ ሰው ከተጸዳና እጅ ከታጠበ አደጋው በጣም ይወርዳል። ሰው በብዛት የሚያዘው በደንብ ካልበሰለ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ነው። ይህን ሳስረዳ ተሰብስበን የነበረው ክትፎ ቤት ነበር። ለእህቴ ለብ ለብ አዝዘውላት ነበር። ድመቷን ተዉና ያንን ሳህን አንሱላት አልኳቸው። ሳቁ። ግን እህቴ ተነስታ «የኔን በደንብ ይብሰል» ብላ አዘዘች።

አስም ግን ቀልድ የለውም። ሰው «ጸጉሯ ነው» ይላል። የሚያስነሳው በምራቋና በቆዳዋ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ስትላስ ጸጉሯ ላይ ይቀራል፣ ደርቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አስም የሚነሳበት ሰው ካለ ድመቷን ከመውሰዳችሁ በፊት እሱን ወደ መጠለያው ወስዳችሁ ጥቂት አብሯት ይቀመጥ። ወስዶ ከመመለስ ይሻላል።

የእብድ ውሻ በሽታም ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ታስተላልፋለችም። ክትባቱ ከ3 ወሯ ጀምሮ ይሰጣል፣ በጊዜው ይታደሳል። የማታውቋት ድመት ብትነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ። ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ፣ ጠበል ብቻ ብሎ መቀመጥ፣ «ቆይ ትታይ» ማለት የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ሐኪም ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ሙያውም የተገነባው በዚያ ዙሪያ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀመር አገሩ የቸገረው የበሬና የላም ሐኪም ነበር፣ የድመት አልነበረም። ዛሬ ከተማው ውስጥ ድመት በደንብ የሚያዩ ሐኪሞች አሉ። ግን ከመታመሟ በፊት ነው መፈለግ። አንድ ቦታ ሚዛን ላይ ሳያወጣት መርፌ ሊወጋት ሲል አስቆምኩት። 3 ኪሎ ለሆነ እንስሳ መድኃኒት በግምት አይሰጥም።

ደግሞ ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ኩርር ማለቷን ስንሰማ ደስ አላት እንላለን፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ግን ታማም ኩርር ትላለች። ስለዚህ ድምፅዋን ሳይሆን ልማዷን ነው ማየት። የምትወጣበት መስኮት ላይ መውጣት ከተወች፣ ራሷን መላስ ካቆመች፣ ወደ ሳፋው ተመላልሳ ጠብታ ካልወጣት አንድ ነገር አለ። የመጨረሻው በተለይ ወንድ ድመት ላይ ከታየ ለነገ አይባልም። የሽንት ቧንቧው ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል።

ደስ የሚሉም ምልክቶች አሏት። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ከመጣች ሰላምታ ነው። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከጨፈነችላችሁ ደግሞ እናንተም ቀስ ብላችሁ ጨፍኑላት። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር የሰስክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈትነውታል። ድመቶች ዓይናቸውን እየጨፈኑ ላዩአቸው ሰዎች መልሰው ይጨፍናሉ፣ የማያውቁት ሰው እንኳ እንዲህ ካደረገላቸው ቀርበው ያሸቱታል። አፍጥጦ ማየት ግን ጠብ ነው። አባባ ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ዘበኛ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብለው ቡሬን ሲጨፍኑላት ይውላሉ። ማንም ካየ ተኝተው ነው የሚሉት።

ውጭ ትውጣ አትውጣ የሚለውን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልፈታነውም። እዚህ ዳር ላይ ጅብ ሌሊት ይጮኻል፣ አንዳንዴም መንገዱ ላይ ይታያል። ጭልፊት ግልገል ያነሳል። ውሾቹ መንጋ ናቸው። ለጊዜው የተስማማነው ቀን ግቢ ውስጥ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ በሚለው ነው። ራቷን በዚያ ሰዓት ስለምንሰጣት መጥራት አያስፈልግም፣ ራሷ ትመጣለች። የአእዋፉ ነገር ያሳስበኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ እንደቀነሰ፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የተጫወቱት ደግሞ በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በሲባጎ ላይ የዶሮ ላባ አስረን እናጫውታታለን። ዜሮ አልሆነም። አሁንም አልፎ አልፎ ወፍ ትይዛለች፣ እኔም እቆጣለሁ፣ እሷም ግድ የላትም።

በቅርቡ እትዬ በራችንን አንኳኩ። አይጥ ገብቶባቸዋል። «ልጄ፣ ቡሬን ለሁለት ቀን አውሺኝ» አሉ። መድኃኒት ረጭተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ረጭተዋል። እንግዲያማ አይሆንም አልኳቸው፤ ቅር አላቸው። መርዙን አንስተው፣ የእህል ከረጢቱን በርሜል ውስጥ አስገብተው፣ የራሳቸውን ድመት እንዲያመጡ የመጠለያውን ስልክ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ደወሉ። ከዚያ ወደ እኛ መጥተው ቡና እየጠጡ እስካሁን ያልበረደላቸውን ነገር አወሩ። የቤታቸውን መስኮት ጠይቀዋቸዋል፣ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ማን እንደሚያበላ ጠይቀዋቸዋል፣ በጾም ምን እንደሚሰጧትም ጠይቀዋቸዋል። «ልጄን ስድር እንኳ ይሄን ያህል አልተጠየቅኩም» አሉ። እማዬ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችላቸው ስለ የበሬ ልብና ስለ ተለየው ቢላ ታስረዳቸው ጀመር።